በሙሉ ድምፅ

ንዋይ የለንደንን አውቶቡስ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ፣ ከኋላው ከተቀመጠው ሕዝብ መካከል ሹፌሩ ስለ ሩማንያ አብዮተኞች መቶ ስልሳ ገጽ የጻፈ ሰው ነው ብሎ የጠረጠረ አንድም አልነበረም። እሱም አይናገር። አልፎ አልፎ ብቻ ሩማንያውያን ግንበኞች ተሳፍረው አለቃቸውን በገዛ ቋንቋቸው ሲቦጭቁ ሲሰማ ብቻውን ፈገግ ይላል። አንድ ቀን መውረጃቸው ጠፍቷቸው ሲወዛገቡ በሩማንኛ "የሚቀጥለው ነው፣ አትጨነቁ" ቢላቸው፣ ሰዎቹ ከመደንገጣቸው የተነሣ ሳይወርዱ አለፉ። ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ ይስቃል። ሌላም የአውቶቡስ ታሪክ አለው፤ ያኛውን ግን ለማንም አውርቶት አያውቅም።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ ካሌዶኒያን ሮድ ካለው የማዘጋጃ ኪራይ ቤቱ ቁም ሳጥን አናት ላይ የቆየውን ሻንጣ አወረደና የቡካሬስቱን የመመረቂያ ጽሑፉን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመረ። ርእሱ "አብዮትና ዴሞክራሲ በቀደምት ሩማንያውያን የፖለቲካ አስተሳሰብ" ይላል። በካምደን የሚሰበሰበው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀ መንበር ተክለአብ ርእሱን ሁለት ጊዜ አነበበና፣ ለምረቃው አዳራሹን እንደሚሰጠው፣ የሚያነበው ሰው ግን ከየት እንደሚመጣ እንደማያውቅ ነገረው። ንዋይ ተቆጣ። ለእሱ ይህ የሩማንያ ጉዳይ አይደለም፤ የእኛው ጉዳይ ነው።

እውነቱንም ነው። አብዮትና ዴሞክራሲ የሚሉት ቃላት ሩማንያ ሲደርሱ፣ እንደ እኛው አገር፣ ከውጭ የመጡ፣ አፍ የሚሞሉ፣ ትርጉማቸውን ግን ሁሉም እንደየፍላጎቱ የሚሰፋቸው ቃላት ነበሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1802 አንድ የሞልዳቪያ ባላባት መኳንንቱና ሕዝቡ ሥልጣን የሚካፈሉበትን ሪፑብሊክ በወረቀት ላይ ነደፈ፤ ወረቀቱም ወረቀት ሆኖ ቀረ። በ1821 ገበሬው ሲነሣ ባለርስቶቹ ሁከት አሉት። በ1848 ግን ፓሪስ ተምረው የተመለሱ የመኳንንት ልጆች በዳኑብ ዳር ሜዳ ላይ አዋጅ አስነበቡ፤ ባሪያ ነፃ ይውጣ፣ ገዢው ለአምስት ዓመት ይመረጥ፣ ገበሬውም መሬት ያግኝ አሉ። እኛ መሬት ላራሹ ብለን ከመጮኻችን ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑ ነው። ከዚያም ከየአውራጃው አንድ ባለርስትና አንድ ገበሬ ጠርተው በመሬቱ ጉዳይ በእኩል እንዲነጋገሩ አስቀመጧቸው። ገበሬዎቹ የምር መናገር ሲጀምሩ፣ ነገሩ ሲከር፣ ያው በሕዝብ ስም የመጣው መንግሥት ጉባኤውን በተነው። ንዋይ ከጽሑፉ ሁሉ የሚወደው ይህን ምዕራፍ ነው። መምህራኑም የወደዱለት ይህንኑ ነበር።

ልጁ ብሩክታዊት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ትተይብለታለች። ለንደን ተወልዳ በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረች ናት፤ በአንድ ጣት ብትተይብም ከዓይኗ ግን ምንም አያመልጥም። አንድ ቅዳሜ ከሻንጣው የወጡትን ቢጫ ካርዶች ስታገላብጥ ቆየችና፣ በዚያ በገበሬዎቹ ምዕራፍ ካሉት ካርዶች አንዱም የአባቷ እጅ ጽሑፍ እንዳልሆነ አስተዋለች። ማን እንደጻፋቸው ጠየቀችው። የድሮ ጓደኛ ነው አላት። ስሙን ጠየቀችው። ክፍሎም አላት።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ሃፍ ኦፍ ዘ ሪሰርች ነው። አክኖውሌጅ ልታደርገው ይገባል" አለችው። "በሕይወት አለ?"

አለ ብሎ መለሰላት። የት እንደሆነ ስትጠይቀው ሼፈርድስ ቡሽ አላት። ብሩክታዊት ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየችው። ከካሌዶኒያን ሮድ ሼፈርድስ ቡሽ ድረስ በባቡር ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ አባቷ ይህን ሰው አንድም ቀን ሲያነሣው ሰምታ አታውቅም።

ክፍሎምና ንዋይ ቡካሬስት በአንድ አውሮፕላን ገቡ፤ በአንድ ክፍል ሁለት አልጋ ላይ አራት ክረምት አብረው በረዱ። ንዋይ የመርካቶ ልጅ፣ ክፍሎም የከረን ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ የተማረ። ንዋይ ታሪክ ያጠናል፣ ክፍሎም እርሻ። ንዋይ ያን የ1848ቱን ጉዳይ መርጦ ቤተ መዛግብት ሲገባ ግን ጉድ ፈላበት። ሩማንያውያን በዚያ ዘመን ይጽፉ የነበረው እንደዛሬው በላቲን ሳይሆን በድሮው የሲሪሊክ ፊደል ኖሯል፤ አንድ ገጽ ለማንበብ ሳምንት ይፈጅበታል። ርእሱን ሊቀይር ሲል ክፍሎም ተወው እኔ እማርልሃለሁ አለው። ከገበያው ጀርባ ካለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ መጻሕፍት የሚያነቡ ሽማግሌ አገኘ፤ ክረምቱን ሙሉ እሑድ እሑድ እየሄደ ፊደሉን ከእሳቸው ተማረ። ከዚያ ወዲያ ቤተ መዛግብት ጎን ለጎን እየተቀመጡ፣ ክፍሎም እያነበበ ካርድ ላይ በላቲን ፊደል ይገለብጣል፣ ንዋይ ያጠናል። የእርሻ ተማሪው በገበሬዎቹ ክርክር ተመስጦ ምሳ መብላት ይረሳ ነበር።

አሁን ክፉው ነገር ይመጣል። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በየእሑዱ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ አለው። ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል፤ ተነሥተህ ጓድህን ትወቅሳለህ፣ ቀጥለህ ራስህን ትወቅሳለህ፣ መጨረሻ ላይ ውሳኔ ይሰጣል። ውሳኔው ሁሌም በሙሉ ድምፅ ነው። አንድ እጅ ከጎደለ ለምን ጎደለ የሚል ጥያቄ ከኤምባሲው ይመጣል፤ እጁ የጎደለው ሰው በሚቀጥለው እሑድ ራሱ ተከሳሽ ነው። በሙሉ ድምፅ ማለት ደግሞ የምር ሙሉ ማለት ነው፤ ተከሳሹም በራሱ ላይ እጁን ማንሣት አለበት። የዛሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ክፍሎም በሃይማኖተኛነትና በጠባብ ብሔርተኝነት ተከሰሰ። ማስረጃው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መታየቱ ነበር፤ ለጠባብነቱ የከረን ልጅነቱ በቂ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ባፈና ለምን እንደሚሄድ ሲጠይቀው ለመጸለይ ነው አለ፤ ለንዋይ ፊደል ልማር ነው አላለም። ሦስት ወንበር ርቆ የተቀመጠው ንዋይም አላለም። ንዋይ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበር፤ ብዕሩን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ባፈና የማባረሩን ሐሳብ የሚደግፍ እጁን ያንሣ አለ። ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣው የክፍሎም እጅ ነበር። ከዚያ ሁሉም አነሣ፤ ንዋይም አነሣ።

ክፍሎም በሳምንቱ አዲስ አበባ ተላከ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ እስር ቤት ገባ፤ አራት ዓመት ተቀመጠ። ተፈትቶ በሱዳን ወጣ፣ ለንደን ገባ፣ ካምደን ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል በሽተኛ በዊልቸር እየገፋ አረጀ። ዲግሪውን አልጨረሰም። ንዋይ በማዕረግ ተመረቀ። ቆይቶ እሱም ስደተኛ ሆነ እንጂ ወረቀቱ ያኔ ቁም ነገር ይመስለው ነበር።

ንዋይ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ራሱን ያጽናና የነበረው በአንድ ነገር ነው። እሱ ራሱ እኮ ነው ቀድሞ ያነሣው፣ ይላል። እኔ ምን ላድርግ፣ ይላል። ነገር ግን አንድ እሱ ብቻ የሚያውቀው ጉዳይ አለ፤ ባፈናም ካልሞተ ያውቀዋል። ቃለ ጉባኤው ሰኞ ጠዋት ኤምባሲ መድረስ ስላለበት፣ ጸሐፊው አስቀድሞ ማሰናዳቱ የተለመደ ነበር። የክፍሎምንም ቃለ ጉባኤ ንዋይ ጽፎ የጨረሰው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ክፍሎም ልብስ ሊያጥብ ምድር ቤት በወረደበት ሰዓት፣ በዚያው በሁለቱ ክፍል ውስጥ። "ተከሳሹም ጥፋቱን አምኖ፣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ" ብሎ በንጹሕ ጽሑፍ ጻፈ። እሑድ የሚሆነው ሁሉ ቅዳሜ ሆኖ አልቋል።

ያ ያልተወራው የአውቶቡስ ታሪክ ደግሞ ይኸውላችሁ። ከአሥር ዓመት በፊት፣ በጠራራ ቀን፣ ክፍሎም የሆስፒታሉን የሥራ ልብስ እንደለበሰ ንዋይ የሚነዳው አውቶቡስ ላይ ወጣ። ካርዱን ነካ አደረገ፣ በመስተዋቱ ማዶ ያለውን ሹፌር ሳያይ "ቴንክ ዩ ድራይቨር" ብሎ አለፈ። ንዋይ አወቀው፤ ጸጉሩ ነጥቶ እንኳ አወቀው። ዐሥራ አንድ ፌርማታ ድረስ አሁን እጠራዋለሁ እያለ ነዳ። ክፍሎም በኋላ በር ወረደ። ሹፌሩ በሩን ዘጋ፣ መንገዱን ቀጠለ።

ብሩክታዊት ግን እንደ አውቶቡስ መንገደኛ የምታልፍ ልጅ አይደለችም። ሰውየውን ሳያስፈቅድ ስሙን ማውጣት እንደማይገባ፣ ሳይወጣም መቅረት እንደማይገባ ነገረችው፤ እስኪያናግረው ድረስ ያን ምዕራፍ እንደማትተይብም ነገረችው። ንዋይ ሁለት ሳምንት ዘገየ። ከዚያ በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች በኩል አስደውሎ፣ ካርዶቹንና የትርጉሙን ረቂቅ በላስቲክ ጠቅልሎ ሄደ። የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክፍሎም እሺ ስሜን አስገባው ቢለው፣ ያ የገባው ስም ሌላውን ሁሉ የሚሽርለት ይመስለው ነበር። ስለ ቅዳሜው ቃለ ጉባኤ ሊነግረው ፈጽሞ አላሰበም።

ቤቱ ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ በስተጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የክፍሎም ባለቤት ሃርነት በሩን ከፍታ፣ ፊቱን አይታ፣ "አቶ ንዋይ እርስዎ ነዎት? ሲጠብቅዎት ነው የዋለው" አለችው። ክፍሎም መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ደክሟል፤ ሰው የሚያየው በጥላው ነው። እጁን ዘረጋና የንዋይን ፊት በመዳፉ ያዘ። ተሳሳሙ።

ንዋይ ስለ መጽሐፉ ነገረው፤ ስሙ ከእሱ ስም ጎን ሽፋኑ ላይ እንዲወጣ እንደሚፈልግ ነገረው። ክፍሎም እንደ ልጅ ደስ አለው። እስቲ አንብብልኝ አለ። ንዋይ የገበሬዎቹን ምዕራፍ አነበበለት፤ ክፍሎም ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማ፣ ከየትኛው ሰነድ የትኛው ገጽ እርጥበት እንደበላው ሳይቀር ያስታውሳል። ጉባኤው የተበተነበት ላይ ሲደርስ እጁን ሰደድ አድርጎ አስቆመው።

"አንድ ነገር ልንገርህና ይውጣልኝ" አለ። "ያን ቀን እጄን ያነሣሁት ጥፋተኛ ነኝ ብዬ እንዳይመስልህ። የያዝከው ብዕር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ይሄ ልጅ እንቢ ሊል ነው አልኩ። እንቢ ብትል ሁለታችንም መሄዳችን ነበር። ስለዚህ ቀደምኩህ።"

ሃርነት ሻይ እየቀዳች ነገሩን ደገፈችው። ክፍሎም ይህን ሁልጊዜ እንደሚያወራ፣ እስር ቤት ሲገረፍ እንኳ በዚያ አዳራሽ አንድ እጁን ማንሣት የከበደው ሰው ነበር፣ እሱን አትርፌአለሁ እያለ ይጽናና እንደነበር ነገረችው። በልጆቻቸው ፊት ስምዎ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም አለችው።

ንዋይ ሻዩን መጠጣት ይችል ነበር። አመስግኖ፣ ጉልበት ስሞ፣ የመጣበትን ፈቃድ ይዞ መውጣት ይችል ነበር። ካሰበው በላይ ተሰጥቶታል፤ ዝም ማለትም ለእሱ አዲስ ሥራ አይደለም። ግን ያ ያልሠራው ደግነት በዚያ ደካማ ሰው አፍ ሲመሰገን ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠው።

"ክፍሎም፣ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት ቅዳሜ ነው" አለው።

"የቱን ቅዳሜ?"

"የስብሰባው ዋዜማ። አንተ ልብስ ልታጥብ ወርደህ ነበር። በሙሉ ድምፅ ብዬ ጽፌ ጨርሼዋለሁ። የተንቀጠቀጥኩት ፈርቼ ነው እንጂ እንቢ ልል አይደለም። አንተ ባታነሣም እኔ አነሣ ነበር።"

ሃርነት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ክፍሎም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከታች የገበያተኛው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሳይቆጣ፣ የምር መልሱን እንደሚፈልግ ሰው ጠየቀው።

"እንግዲያ እኔ ማንን ነው ያዳንኩት?"

ክፍሎም ስሜን ተወው፣ አታስገባው ብቻ አለ። ሃርነት ካፖርቱን አመጣችለት፤ በሩ ድረስም ሸኘችው፤ ወግ አታጓድልም።

ያን ቀን ባቡር አልያዘም፤ እስከ ፓዲንግተን ድረስ በእግሩ ሄደ። እውነት በመናገሩ ሊኮራ ሞክሮ አልሆነለትም። ሸክሙን ሊያራግፍ ሄዶ ያራገፈው በክፍሎም ትከሻ ላይ ነው፤ አርባ ዓመት ዘግይቶ የተነገረ እውነት የተናጋሪው ቅንጦት መሆኑ ገባው። ያኔ አዳራሹ ውስጥ ሦስት ቃል፣ ለእኔ ብሎ ነው፣ ማለት ሲችል አላለም። አሁን ብዙ ቃል ተናገረና ለሰውየው የቀረችውን ነጠቀው። ይህን ለብሩክታዊት ሲነግራት አለቀሰ፤ አባቷ ሲያለቅስ ያየችው እናቷ እታፈራሁ የሞተች ዕለት ብቻ ነበር።

መጽሐፉ ወጣ። ስም ያልተጠቀሰ ጓደኛ ፊደሉን እንደተማረለት፣ እሱም የዚያን ጓደኛ መባረር ገና ሳይወሰን እንደጻፈው፣ በመቅድሙ ላይ አስቀመጠው። ብሩክታዊት ስትተይበው ሹር ነህ ብላ ሦስቴ ጠይቃዋለች። ካምደን በተደረገው ምረቃ ተክለአብ ንግግር አደረገ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ስለ ሩማንያ አንድ ሁለት ጥያቄ ተነሣ፤ ስለ መቅድሙ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መቅድሙን ያነበቡ ሁለት የድሮ የቡካሬስት ተማሪዎች ሰላምታ ነሥተውታል። ቅር አላለውም፤ እሱም በእነሱ ቦታ ቢሆን ሰላምታ ይነሣ እንደነበር ያውቃል።

ሐሙስ ሐሙስ ግን ሼፈርድስ ቡሽ መሄድ አልተወም። ከገበያው ማንጎ ይገዛል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ያንኳኳል። ሃርነት በሩን በግማሽ ከፍታ ክፍሎም ተኝቷል ትለዋለች። ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል፣ የክፍሎም ሳል ይሰማል። ንዋይ ማንጎውን አቀብሎ፣ እግዜር ይማረው ብሎ ይመለሳል። አራት ወር እንዲህ ሆነ። እሱም እሷም ውሸቱን ያውቁታል፤ ሁለቱም እንዳላወቁ ሆኑ፤ ነገሩ ጨዋነት ነው። ንዋይም በዚህ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ ተኝቷል የተባለ ሰው አንድ ቀን መንቃቱ አይቀርም።

አንድ ሐሙስ ቀን ሃርነት በሩን ሙሉ ለሙሉ ከፈተችው። ማንጎውን አልተቀበለችም።

"አቶ ንዋይ፣ አልተኛም" አለችው። "ከእንግዲህ ተኝቷል እያልሽ አትዋሺልኝ ብሎኛል። ላየው አልፈልግም፣ እንዳይመጣ ብሏል። እንዲህ በይው ያለኝን ነው የምነግርዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ንዋይ ቆሞ ሰማ። ይህን ሰው ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ፊደል ተማርልኝ ሳይለው የተማረለት፣ ሲያባርሩት እጁን ያነሣ ሰው ነው። እንዲህ ቁርጥ አድርጎ እንቢ ሲል የሰማው ዛሬ ነው። ልመና ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አሳልፊኝ ላናግረው፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ሊል ነበር። ዋጠው።

"ሰምቻለሁ በይልኝ" አላት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቤቱ ዋለ።